የማይተኛው ሊቀመንበር

አክሲዮን በተሸጠበት ቦታ ሁሉ፣ ከገዢዎቹ መሃል አንድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ቢፈልጉት አይታጣም፤ ባይፈልጉት ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። ድርሻው ከሌላው ይበልጣል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ያነሰው የእሱ ነው። እውቀቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ድርጅቱን ከመሠረቱት ሰዎች ይልቅ ስለ ድርጅቱ እሱ ያውቃል። ዋጋው ሲወጣ «ብያችሁ ነበር» ይላል፤ ሲወርድም «ብያችሁ ነበር» ይላል፤ ምን ብሎ እንደነበር የሚያስታውስ ግን የለም።

ልብስ ሰፊዋ ክፍል ውስጥ የሚሰበሰቡት ትንንሽ ባለአክሲዮኖችም እንዲህ ያለ ሰው አልጠፋባቸውም። ክቡር ሊቀመንበር ይሏቸዋል። የመረጣቸው የለም። በመጀመሪያው ቀን በክፍሉ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ቀድመው ደርሰው ተቀመጡበት፤ ሥልጣናቸው በዚያው ጸደቀ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝታ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ስታለብስ፣ ኮሌታው የነተበ ነገር ግን ካውያ ያልተለየው ግራጫ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው በሩ ላይ ይቆማሉ። ቶሎ አይገቡም። መንገዱን ወደ ላይ ያያሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ የበሩን መቀርቀሪያ በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «ማን አለ?» ይላሉ።

«ኧረ ማንም የለም ጋሼ፣ ይግቡ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማንም የለም የሚባለው ያልታየ ሰው ሲኖር ነው» ይሉና ይገባሉ። ይህን በሰማች ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ሳትፈልግ ዞር ብላ የመጋረጃውን ጀርባ ታያለች።

ሌሎቹ ሦስት ናቸው። ዱቄት ከቅንድቡ የማይለቅ ዳቦ ጋጋሪ፣ ደረቷን የሚያማት ጡረተኛ መምህርት፣ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ፀጉር አስተካካይ። አራቱንም ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ አክሲዮን ያስገዟቸው ሊቀመንበሩ ናቸው። ድርጅቱ ጠባቂ ይባላል፤ ሥራው የሳይበር ደህንነት ነው። ሳይበር ምን እንደሆነ ከመሃላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ደህንነት የሚለውን ቃል ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲሰሙትም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀላል ነገር ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «የባንኩም፣ የሆስፒታሉም፣ የፋብሪካውም ምስጢር ዛሬ ያለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሌባውም በር አይሰብርም፤ በሽቦ ነው የሚገባው። ታዲያ ይህ ድርጅት ምንድን ነው? ዘበኛ ነው። የማይተኛ፣ የማያንቀላፋ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ በሩን ጥሎ የማይሄድ ዘበኛ!»

«እርስዎ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አዩ። «እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕድሜዬን የጨረስኩት በደህንነት ሥራ ላይ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ያጣመረውን እግር ፈታ። ምን ዓይነት ደህንነት ብሎ የሚጠይቅ ወንድ አልተገኘም፤ ሴትም አልተገኘችም። በማግስቱ ሁሉም ሄደው ገዙ።

የስብሰባው መክፈቻ ስልክ መሰብሰብ ነው። ልብስ ሰፊዋ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አላት። ሊቀመንበሩ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ሁሉም ስልኩን ከቁልፎቹ ላይ ያስቀምጣል፤ ክዳኑ ይከደናል፤ በክዳኑ ላይ የብረት መቀስ ይጫንበታል። ስልክ ጆሮ አለው፣ ብረት ደግሞ ጆሮ ይደፍናል፤ የሊቀመንበሩ ትምህርት ይህ ነው።

«ሰው ቢደውልልኝስ ጋሼ?» ብሎ ነበር ዳቦ ጋጋሪው።

«ጥሪ ይገባል፤ ወሬ ግን አይወጣም።»

«እንዴ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጠብቁን ብለን ገንዘባችንን ለሰዎቹ ሰጠን፤ አሁን ደግሞ ከነሱ ለመደበቅ ቆርቆሮ እንከድናለን?»

«የሚጠብቅህ ሁሉ ያይሃል» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሳያይህ እንዴት አድርጎ ይጠብቅሃል?»

ፀጉር አስተካካዩም ስልኩን ከቁልፎቹ ላይ አስቀመጠ። የሳቀም የለም።

ዋጋው መውረድ ጀመረ። በሊቀመንበሩ ፊት ግን ወረደ አይባልም፤ አጎነበሰ ነው የሚባለው። «መዝለል የፈለገ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ያጎነብሳል» ይላሉ። ሰንበትበት ሲል ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ አሁንስ ተንበረከከ» አለ። ከዚያም «አሁንስ ለጥ ብሎ ተኛ» አለ። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን አራገፉና «ተኝቶ የተነሳ ሰው ጉልበቱ እጥፍ ነው» ብለው ጉዳዩን ዘጉ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች መምህርቷ እየሳለች።

«ላሚቱ አለች ወይስ የለችም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አለች ይላሉ እንግዲህ።»

«አለች ካልሽ ወተቱ ይጠበቃል።»

ይጠበቃል! የዚህች ቃል ነገር አይነሳ። ድርጅቱ በዓመቱ መጨረሻ በላከው ወረቀት ላይ «ትርፍ ይጠበቃል» የምትል ነገር ነበረች። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አነበበቻትና፣ «ይጠበቃል ሲሉ ገና ይመጣል ማለታቸው ነው? ወይስ መጥቶ አንድ ቦታ ተቆልፎበት ዘበኛ ቆሞለታል?» አለች። ክርክሩ ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪው «ይመጣል» አለ። ልብስ ሰፊዋ «ተቆልፎበታል» አለች። ፀጉር አስተካካዩ «እኔን የሚያስፈራኝ የድርጅቱ ስም ነው፤ ጠባቂ ማለት የሰው እጅ ጠባቂ እንዳይሆን ብቻ» አለና ሁሉንም አሳቀ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ፈረዱ። «ሁለቱም ነው። የሚመጣ ነገር ይጠበቃል፤ የመጣም ነገር ይጠበቃል። የሚያስፈራው ያልተጠበቀው ነው።» ሰውየው የማይረባ ነገር ሲናገሩ እንኳ የሆነ ነገር የሚያውቁ ያስመስላቸው ነበር።

ከዚያ ድርጅቱ የውሃ ሽታ ሆነ። ለትልልቆቹ ይጽፍ እንደሆነ እንጃ፤ ለትንንሾቹ ግን ወረቀቱም መልእክቱም ቀረ። ሲደወል ሙዚቃ ብቻ ይሰማል፤ ሙዚቃው አልቆ እንደገና ይጀምራል። አንድ ሐሙስ ዳቦ ጋጋሪው እያዛጋ፣ «እኛ ግን እዚህ የምንሰበሰበው ለምንድን ነው? የሚነገረን የለ፣ የምንናገረው የለ። ቤቴ ገብቼ ጎኔን ባሳርፍ አይሻለኝም?» አለ። መምህርቷም አንገቷን በመስማማት ነቀነቀች። ሊቀመንበሩ ያን ቀን አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ እንደ ልማዳቸው «ዙሪያውን ልቃኝ» ብለው ወደ ጓሮ በወጡበት ሰዓት፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ስልኮች ባንድነት ነዘሩ። ቁልፎቹ አብረው ተንጫጩ። መቀሱ ክዳኑ ላይ እየተንሸራተተ ሄደና ወለሉ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ስትከፍት ስልኮቹ ሁሉ በርተው ነበር፤ በሁሉም ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው። «ውድ ባለድርሻችን፣ አልተረሳችሁም። እናያችኋለን። ጠባቂ።»

«ተመስገን» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ነገር ግን ስልኩን ለማንሳት እጁን የዘረጋው ቆየት ብሎ ነው።

ከዚያ መልእክቱ ለየብቻ ይመጣ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ምሽት ሊጥ እያቦካ ሳለ «ባለድርሻችን፣ የዱቄት ክፍሉ የጓሮ በር አልተቆለፈም» የሚል ደረሰው። እጁን ሳይታጠብ ሮጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መምህርቷ ብቻዋን ቤቷ ቁጭ ብላ ስትስል «ባለድርሻችን፣ ሳሉ በርትቷል። መስኮቱን ዝጊና ደረትሽን ሸፍኚ» ተባለች፤ ሸፈነች፤ ከዚያም ከነሽፋኗ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ የባሰው ነው። በገዛ ሱቁ፣ ለገዛ ደንበኛው፣ «እኚያ ሊቀመንበራችን እኮ ጃጅተዋል» ብሎ ሳቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መልእክት ደረሰው፦ «ባለድርሻችን፣ በሰው ጀርባ የሚነገር ነገር ሰሚ አያጣም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር» አለ በሹክሹክታ ለልብስ ሰፊዋ ሲነግራት። «የኔ ጆሮስ ባዳ ብቻ አይደለም፤ ለነሱ ተቀጥሯል መሰለኝ።»

ፈሩ፤ ኮሩም። ዋጋው የተኛ ድርጅት ይህን ሁሉ ካየ፣ ቢነሳ ምን ሊያደርግ ነው? ዳቦ ጋጋሪው መልእክት በደረሰው ቁጥር ለስልኩ «እሺ ጌታዬ» እያለ በአፉ ይመልስ ጀመር። መምህርቷ ልብስ ስትቀይር ስልኩን በፎጣ ትሸፍነዋለች። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ደህና አልነበረችም። አመሻሽ ላይ ብቻዋን ስትሰፋ፣ የመኪናውን መርገጫ ስታቆም ከመስኮቱ ውጭ አንድ ነገር አብሯት ያቆመ ይመስላታል። መርገጥ ስትጀምር እሱም ይጀምራል። መጋረጃውን ገልጣ ብታይ መንገዱ ላይ ሰው የለም።

የሷ ጭንቀት ግን ሌላም ነበር። የቤቱ ባለቤት ሞተው ወራሾቹ ክፍል በክፍል እየሸጡ ነው። ይህችን መስኮት ያላትን ክፍል፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችባትን፣ ወይ ትገዛለች ወይ ለመጋዘን የሚፈልጋት ሰው ይወስዳታል። ሌላ ቦታ ሄዳ እንደ አዲስ ደንበኛ የምታፈራበት ጉልበት እንደሌላት ታውቃለች። ደግነቱ አንድ ትልቅ ኩባንያ የትንንሾቹን ባለአክሲዮኖች ድርሻ እገዛለሁ ብሎ ነበር። ከገዙበት ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ለክፍሏ ቀብድ ይበቃታል። ኩባንያው የሚገዛው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ስለ ክፍሉ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረችም። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ስልኳ ነዘረ።

«ባለድርሻችን፣ ስለ ክፍሉ አትጨነቂ። ይጠበቃል። አትሽጪ።»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። ይጠበቃል? ክፍሏን የሚጠብቅላት አለ ማለት ነው? ወይስ ሌላ ሰው ክፍሏን እየጠበቀው ነው? ስልኩን ጨርቅ ጠቀለለችበት፤ ጨርቁን ከጨርቅ ክምር ሥር ከተተችው፤ አሁንም የሚያያት መሰላት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ምሽት ላለመሸጥ ወስና ነው የተኛችው። እንዲህ የሚያይን ነገር እምቢ ማለት አስፈራት።

በማግስቱ ሐሙስ ሁሉም መጡ። ለሁሉም በመልእክት «አትሽጡ፣ ጠብቁ» ተብሏል፤ ሁሉም ለመጠበቅ ተስማምቷል። ሊቀመንበሩ ብቻ እንደ ሌላው ጊዜ አላወሩም። «ዙሪያውን ልቃኝ» ብለው ወጡ። ትንሽ ቆይታ ልብስ ሰፊዋም አጥባ ያሰጣችውን ጨርቅ ለማንሳት በጓሮ በር ወጣች። ጀምበሯ ገብታ ነበር፤ ገና ግን ጨለማ አልሆነም። ከተሰጣው ጨርቅ ጀርባ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ አንድ ፊት አየች። ገላ የለውም። ከሥሩ ሰማያዊ ብርሃን የበራበት ፊት ብቻ ነው፤ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ጣት ብቅ አለና ብርሃኑን ነካ፤ ወዲያው ከኋላዋ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

ያኔ ነው የኮቱን ኮሌታ ያወቀችው።

«አንተ ነህ?» አለች። ሁልጊዜ አንቱ የምትላቸውን ሰው አንተ ማለቷን እንኳ አላስተዋለችም።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሁለተኛውን ስልካቸውን ወደ ኮታቸው እየከተቱ።

«ማን ነው የሚሰማው? የሚሰማው አንተ ነህ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ድርጅቱ ከተወን ጀምሮ።»

«የዳቦ ቤቱስ በር?»

«አመሻሽ ላይ ሰፈሩን ሳልዞር እንቅልፍ አይወስደኝም። ክፍት ሆኖ አገኘሁት። ዘጋሁለት፤ ከዚያ ራሱ ይዝጋው፣ ይልመድ ብዬ መልሼ ከፈትኩት።»

«የመምህርቷ ሳል?»

«መንገድ ድረስ ይሰማል እኮ፣ እህቴ።»

«ፀጉር አስተካካዩስ?»

ሊቀመንበሩ ቅር አላቸው። «እሱ እንኳን ፎጣ ፊቴ ላይ ጥሎ ረስቶኝ ነው። ጃጅተዋል ያለው እዚያው ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳልኩ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «የኔንስ ክፍል?»

«ያ መጋዘን ፈላጊው ሰውዬ መስኮቱን በሜትር ሲለካ አየሁት። ፊትሽንም አየሁ።»

«ካየህ ታዲያ እንዴት አትሽጪ ትለኛለህ? ነገ ካልሸጥኩ ክፍሌ ሄደ! የት ልወድቅ ነው?»

ሊቀመንበሩ ከበርሜሉ ላይ እጃቸውን አላነሱም። «ከሸጣችሁ» አሉ፣ «ሐሙስ የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በርሜሉ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ» አሉ። «ደህንነት ያልኳችሁ እሱን ነው፤ አልዋሸሁም፤ ደህንነት ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ አንቺ ብቻ ስትነቂ፣ ሰፈሩ በሙሉ ልጅሽ ይመስልሻል። ሲነጋ ግን ማንም አያውቅሽም። ዕቃው እንዳልተሰረቀ እንጂ አንቺ እንደጠበቅሽው የሚያስብ የለም። ጡረታ ወጣሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ አሁንም ሰውነቴ ተነስ፣ ተነስ ይለኛል። ተነስቼ ምን ልጠብቅ?»

ተናዳለች፣ አዝናለች፣ ፍርሃቱም ገና አልለቀቃትም። የተሰጣውን ጨርቅ ከገመዱ ላይ መንጭቃ እቅፏ ውስጥ ጨመደደችው። «ጻፍ» አለች። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች። «ይጻፉ፣ ጋሼ። ውድ ባለድርሻችን፣ መሸጥ የፈለገ ይሽጥ። ቅር አንሰኝም።»

በአውራ ጣታቸው ጻፉ። «ይጠበቃል ልበልበት?»

«አይበሉበት!»

ከውስጥ ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ ወዲያው የዳቦ ጋጋሪው ድምፅ «ፈቀዱልን! ኧረ ፈቀዱልን!» ሲል ተሰማ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ለልብስ ሰፊዋ አቀበሏት። «ውሰጂው። እኔ ጋ ካለ እጄ አያርፍም።» በጓሮው በኩል ወጥተው ሄዱ፤ ለሌሎቹ ደህና እደሩ እንኳ አላሉም።

ዓርብ አራቱም ሸጡ። ልብስ ሰፊዋ ለክፍሏ ቀብድ ከፈለች። ያልሸጡት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሐሙስ መጣ። ባለድርሻ ያልሆኑት ባለድርሻዎች፣ እግራቸው አምጥቷቸው፣ አንድ በአንድ ገቡ። ማንም ሳያዛቸው ስልካቸውን ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። ዳቦ ጋጋሪው መልእክት ከቀረ ወዲህ በሩን ደጋግሞ ካላየ ሊጡ እንደማይሆንለት ተናገረ። መምህርቷ «ሳሌን የሚሰማ ጠፋ» አለች፤ ልትቀልድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልቀለደም። የሚያይ ዓይን ሲያስፈራቸው ከርሞ፣ አሁን የማንም ዓይን አለመኖሩ አስፈራቸው። ቆርቆሮውን እያዩ ተቀመጡ። ቆርቆሮው ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን መንገር ትችል ነበር፤ አልነገረችም።

በነጋታው ስትሰፋ አንድ ነገር አስተዋለች። ዓይኗ ጨርቁ ላይ አልነበረም። የዳቦ ጋጋሪው መዝጊያ ዛሬ ከወትሮው ቀደም ብሎ መዘጋቱን፣ መምህርቷ ያለ ሻርፕ ማለፏን፣ ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ሱቁ ውስጥ በመስታወቱ ራሱን እያየ መቆሙን ሳታዝዘው ዓይኗ ለቅሞ አምጥቶላታል። ስልኩ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ያ ነገር ወደሷ የተዛወረ ያህል ቀፈፋት። ግራጫው ኮት ግን በዚያ መንገድ አላለፈም።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤታቸው ሄደች። መስኮቱ መጋረጃ የለውም። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን እንደቆለፉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ሳህን ሾርባ አለ። አይበሉም፣ አይንቀሳቀሱም፣ ዓይናቸውም አይርገበገብም። ለአፍታ የሞቱ መሰላት። ኋላ አንድ ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳሰሰ። በሩን ብታንኳኳ ምን ትላለች? ከግድግዳው ጥግ ቆማ፣ እንደ ሌባ፣ ስልኩን አውጥታ ጻፈች። «ባለድርሻችን፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ። ሐሙስ ወንበርዎ ባዶ ነበር።»

ውስጥ ስልክ ነዘረ። አነበቡ። ወደ መስኮቱ ዞር አላሉም። ማንኪያውን አነሱ።

ሐሙስ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ገቡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ ጋሼ፣ የት ጠፍተው ነው?» ቢላቸው፣ ሁሉንም በእጃቸው ወደራሳቸው ሰብስበው አንሾካሾኩ።

«ለኔም ጻፉልኝ።»

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ። ለኔ ለብቻዬ ጽፈውልኝ አያውቁም ነበር። ሾርባህን ጠጣ አሉኝ።»

«ሾርባ እንዳለዎት በምን አወቁ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት እየረገፈ።

«ያያሉ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ስልኩን በገዛ እጃቸው የሰጧት እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን መረመረችው፤ ቀልድ አልነበረበትም፤ ጥቅሻም አልነበረበትም። እየተጫወቱ ይሁን አምነውት ይሁን መለየት አቃታት። ስብሰባው ደራ። ከመሃላቸው ድርሻ የቀራቸው ሊቀመንበሩ ብቻ ስለሆኑ፣ አምስቱም ምሽቱን ሙሉ ስለ አንድ ሰው አክሲዮን ተከራከሩ፤ አጎንብሶ ነው ወይስ ተኝቶ?

ሁሉም ከወጡ በኋላ ልብስ ሰፊዋ መዝጊያውን ልትዘጋ ስትል መሳቢያው ነዘረ። ያ ስልክ ጽፎ እንጂ ተጽፎለት አያውቅም። እጇን ጨርቋ ላይ ጠርጋ አነሳችው።

«ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። እናንተንስ ማን ይጠብቃችኋል?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ፈራች፤ ከፍርሃቱ ሥር ግን ስንት ዘመን ያልነካት ደስታ ነበር፤ እንባዋ መጣ። በዚህች ክፍል ስትኖር በልተሻል ወይ ያላት ከሞተ ቆይቷል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ጻፈች፣ ብዙ አጠፋች። በመጨረሻ «ነገም ይምጡ» ብላ ላከች።